ቄቧ መቼ ትጥላለች? ዶሮ ለመጣልና ለመታቀፍ መድረሷን የምናውቅባቸው ምልክቶች



በዲፓርትመንታችን የእንስሳት ሥነ ተዋልዶ የሚባለውን ትምህርት የወሰደ ተማሪ ሁሉ ላም ለኮርማ መድረሷን በምን እንደሚያውቅ ቢጠየቅ በሩጫ ይመልሳል፡፡ ትጮኻለች፣ ሌሎች ላሞች ላይ ትወጣለች፣ ሲወጡባት ቆማ ትጠብቃለች፣ የጠራ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወርዳታል፡፡ ይህ ፈተና ላይም ስለሚመጣ ማንም አይረሳውም፡፡ «ዶሮስ ለመጣል መድረሷን በምን ታውቃለህ?» ቢባል ግን ብዙዎቻችን «ስትጥል አያታለሁ!» ብለን ስቀን የምናልፍ ይመስለኛል፡፡

እኔ የመጣሁት ከደቡብ ወሎ፣ ከጃማ ወረዳ፣ ከደጎሎ አካባቢ ነው፡፡ ከወረኢሉ ወዲያ ያለው የመረሬ አፈርና የስንዴ አገር ማለት ነው፡፡ በእኛ አገር በሬና ላም የአባወራው ጉዳይ ነው፤ ዶሮ ግን የእናቶች ባንክ ናት፡፡ ጨው፣ ጋዝ፣ ሳሙና፣ የተማሪ ደብተርና እስክርቢቶ የሚገዛው ከእንቁላል ነው፡፡ ስለዚህ ዶሮዋ ዛሬ ትጥላለች ወይስ አትጥልም፣ መጣል አቁማለች ወይስ ደብቃ እየጣለች ነው፣ ልትታቀፍ ነው ወይስ ታማለች የሚለው ጥያቄ የጨዋታ ጥያቄ አይደለም፡፡ በዚህ ጽሑፍ እናቶቻችን በዓይንና በእጅ የሚያውቁትን ምልክት ክፍል ውስጥ ከተማርነው ጋር እያገናኘሁ ለማብራራት እሞክራለሁ፡፡

1. እንቁላል ሆድ ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ምልክቶቹን ለመረዳት በመጀመሪያ ውስጡን ማወቅ ይጠቅማል፡፡ ዶሮ እንቁላል ውስጥ ሽል ሆና ሳለች ሁለት የዘር ፍሬ ከረጢቶች ይኖሯታል፤ አድጋ የምትጠቀምበት ግን የግራውን ብቻ ነው፡፡ ይህ ከረጢት የወይን ዘለላ ይመስላል፡፡ እያንዳንዱ ፍሬ አንድ አስኳል ነው፡፡ አንዱ ትልቅ፣ የሚቀጥለው ትንሽ አነስ ያለ፣ ቀጥሎ ከዚያ ያነሰ እያለ በተራ ይደረደራል፡፡

አስኳሉ ሲበስል ከዘለላው ተለይቶ ወደ እንቁላል ቱቦ ይገባል፡፡ በቱቦው አፍ ላይ ለሩብ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ አውራ ዶሮ ካለ ዘሩ የሚገናኘው እዚህ ነው፡፡ ከዚያ ነጩ ክፍል በ3 ሰዓት ያህል ውስጥ ይለብሰዋል፡፡ ስስ ሽፋኑን ለማግኘት ከ1 ሰዓት ትንሽ በላይ ይፈጅበታል፡፡ ቅርፊቱ ለመሠራት ግን 20 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፡፡ በጠቅላላው ከ24 እስከ 26 ሰዓት ነው፡፡ የሚቀጥለው አስኳል የሚለቀቀው ደግሞ የፊተኛው እንቁላል ከተጣለ ከግማሽ ሰዓት ያህል በኋላ ነው፡፡

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፡፡ አንደኛ፣ ዶሮ በየቀኑ በአንድ ሰዓት አትጥልም፡፡ ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከጣለች ነገ 3 ሰዓት ላይ፣ ከነገ ወዲያ 4 ሰዓት ላይ እያለች ትዘገያለች፡፡ በመጨረሻ ሰዓቱ ወደ ከሰዓት ሲገፋ አንድ ቀን ትዘላለች፡፡ ስለዚህ አንድ ቀን ብትዘል «ነጠፈች» ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፡፡ ሁለተኛ፣ ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም፤ ለመፈልፈል ነው የሚያስፈልጋት፡፡ አንድ ጊዜ ከተጠቃች በኋላ ዘሩ በውስጧ ተከማችቶ እስከ 2 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፡፡ አውራው ለበዓል ቢታረድ እንኳ በመጀመሪያው ሳምንት የሚጣሉት እንቁላሎች ብዙዎቹ ጫጩት ይሰጣሉ፡፡ ከዚያ በኋላ የሚጣሉትን ለማስታቀፍ ማስቀመጥ ግን ድካም ነው፤ ለምግብ ወይም ለገበያ ይሁኑ፡፡

2. ቄብ ለመጣል መድረሷን የሚያሳዩ ምልክቶች

የሐበሻ ቄብ ደህና ከበላች ከ6 እስከ 7 ወር ባለው ጊዜ መጣል ትጀምራለች፡፡ የፈረንጅ ዶሮ የምንላቸው እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉት ደግሞ በ5 ወር አካባቢ ይጀምራሉ፡፡ ዕድሜዋን የመዘገበ ሰው በገጠር ስለማይገኝ ምልክቱን ማየት ግድ ይላል፡፡ እነሱም፡-

ሀ. አናቷ ላይ ያለው ሥጋና ከመንጋጋዋ ሥር የሚንጠለጠለው ሥጋ ይቀላል፣ ያድጋል፣ ሲነኩት ይሞቃል፡፡ ከዚያ በፊት ገርጣ ያለና ደረቅ ነበር፡፡ ይህን የሚያደርገው ከዘለላው የሚመነጨው ሆርሞን ነው፡፡ ጉትዬ ያላት ዶሮ ከሆነች ግን ላባው ስለሚሸፍነው ገለጥ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል፡፡

ለ. እጃችንን ወደ ጀርባዋ ስንዘረጋ ከመሸሽ ይልቅ ዝቅ ብላ ክንፏን ከፈት አድርጋ ትለጠፋለች፡፡ ይህ ለአውራው የምትሰጠው ፈቃድ ነው፡፡ ከምልክቶቹ ሁሉ ይህ የበለጠ የሚታመን ነው፤ ከታየ ብዙ ጊዜ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያው እንቁላል ይመጣል፡፡

ሐ. ቦታ ትፈልጋለች፡፡ ጓዳ ትገባለች፣ ቅርጫት ውስጥ ትቀመጣለች፣ ከጎተራ ሥር ትሽሎከሎካለች፣ ገለባ በመንቁሯ እያነሳች ጀርባዋ ላይ ትጥላለች፡፡ እናቴ ይህን ስታይ «እንግዲህ ቤት መረጣ ላይ ናት» ትላለች፡፡ በዚህ ጊዜ ጭድ የተነጠፈበት ጨለም ያለ ቅርጫት ወይም የተሰበረ እንስራ ካላዘጋጀንላት የራሷን ታዘጋጃለች፤ ያ ደግሞ የጎረቤት ጭድ ክምር ውስጥ ሊሆን ይችላል፡፡

መ. የምግብ ፍላጎቷ ይጨምራል፡፡ በተለይ የግድግዳ ኖራና አመድ የምትጭር ከሆነ ለቅርፊት የሚሆን ካልሲየም እየፈለገች ነው፡፡ አንድ የእንቁላል ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይዟል፤ ይህን የምታገኘው ከምትበላውና ከአጥንቷ ነው፡፡ የእንቁላል ቅርፊት ምጣድ ላይ አመስ አድርጎና አድቅቆ መስጠት ጥሩ ነው፡፡ ሳይደቅቅ ከተሰጣት ግን ቅርጹን ለይታ የራሷን እንቁላል መብላት ልትለምድ ትችላለች፡፡

የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ትናንሽ ናቸው፤ አንዳንዴም ቅርፊታቸው ልል ይሆናል፡፡ ይህ የጅማሬ ነገር ስለሆነ በሽታ አይደለም፡፡ እነዚህን ለማስታቀፍ ባንመርጣቸው ይሻላል፡፡

3. ትጥላለች ወይስ አቁማለች?

በሰፈራችን አንዲት እናት አንዲት ገብስማ ዶሮ ነበረቻቸው፡፡ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቁላል ሲያጡ «ይቺማ ቆመች» ብለው ለፋሲካ አረዷት፡፡ ሆዷ ሲከፈት ቅርፊቱ ያለቀለት አንድ እንቁላል፣ ከኋላው ደግሞ በመጠን የተደረደሩ አስኳሎች ተገኙ፡፡ ሴትዮዋ በጣታቸው እየነኩ «ይሄ የነገ ነበር፣ ይሄ የተነገ ወዲያ፣ ይሄ የሦስተኛው ቀን…» እያሉ ሲቆጥሩ ቤቱ ዝም አለ፡፡ ኋላ ላይ ጭድ ሲወርድ 11 እንቁላል ከክምሩ ሥር ወጣ፡፡ ዶሮዋ አላቆመችም ነበር፤ ቦታ ቀይራ ነበር፡፡ የዚያ ቤት የልጆች ደብተር ይገዛ የነበረው በእሷ ነው፡፡

ይህን ለመለየት የሚያስችል ቀላል የጣት ልኬት አለ፡፡ ትምህርት ቤት ያስተማሩን ነው፤ እናቶችም በራሳቸው መንገድ ያውቁታል፡፡

የመጀመሪያው የዳሌ አጥንት ነው፡፡ ዶሮዋን በብብት አቅፎ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ማድረግ፣ ከዚያ ከመጣያዋ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ሹል የአጥንት ጫፎች በጣት መዳሰስ፡፡ በመካከላቸው 2 ወይም 3 ጣት ከገባ እየጣለች ነው፡፡ 1 ጣት ብቻ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አልጀመረችም ወይም አቁማለች፡፡ የሐበሻ ዶሮ ትንሽ ስለሆነች 2 ጣት ከገባ በቂ ነው፡፡

ሁለተኛው ሆዷ ነው፡፡ ከዳሌ አጥንቶቹ እስከ ደረት አጥንቷ ጫፍ ድረስ ያለው ቦታ የምትጥል ዶሮ ላይ ሰፊ፣ ለስላሳና ልል ነው፤ 3 ጣት ወይም ከዚያ በላይ ይይዛል፡፡ ያቆመችው ላይ ጠባብና ጠንካራ ይሆናል፡፡ ሰፊ ሆኖ ጠጣር ከሆነ ግን ስብ ሊሆን ስለሚችል ብቻውን አይታመንም፡፡

ሦስተኛው መጣያዋ ራሱ ነው፡፡ የምትጥል ዶሮ መጣያ ሰፊ፣ ሞላላና እርጥብ ነው፡፡ ያቆመችው ጠባብ፣ ክብ፣ ደረቅና የተጨማደደ ነው፡፡

አራተኛው ለቢጫ እግር ዶሮዎች ይሠራል፡፡ ከበቆሎና ከቅጠላ ቅጠል የሚገኘው ቢጫ ቀለም ወደ አስኳል ስለሚሄድ የምትጥል ዶሮ ገላ እየነጣ ይመጣል፤ መጀመሪያ መጣያዋ ዙሪያ፣ ቀጥሎ ዓይኗ ዙሪያ፣ ከዚያ መንቁሯ፣ በመጨረሻ እግሯ፡፡ እግሯ ድረስ የነጣች ዶሮ ለወራት ስትጥል የቆየች ናት፤ መሸጥ የሌለባት እሷ ናት ማለት ነው! ገበያ ላይ ግን ገዢ «እግሯ ገርጥቷል፣ አርጅታለች» ብሎ ዋጋ ሲያጣጥልባት እናያለን፡፡

አንዳንድ እናቶች ጠዋት ዶሮዋን ከመልቀቃቸው በፊት ጣት አስገብተው እንቁላሉን ይነካሉ፡፡ ያስተዋለ ሰው አይሳሳትም፤ ነገር ግን እንቁላሉ ውስጥ ሊሰበር ወይም ቁስል ሊፈጠር ስለሚችል በውጭ በኩል ሆዷን በቀስታ መዳሰስ ይሻላል፡፡ ጠጣር ነገር ከተሰማን ያን ቀን እስክትጥል ድረስ ቤት ማዋል ነው፡፡ ብዙዎቹ ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት ስለሚጥሉ ችግሩ የግማሽ ቀን ነው፡፡ ከጣለች በኋላ የምታስካካውን ግን ጭልፊቱም ሸለምጥማጡም ይሰማዋልና እንቁላሉን ቶሎ ማንሳት ነው፡፡

ላባዋን እያራገፈች ያለች ዶሮም አለች፡፡ አዲስ ላባ ለማብቀል ብዙ ምግብ ስለሚያስፈልጋት በዚያ ጊዜ መጣል ታቆማለች፤ ላባዋ ሲሞላ ትመለሳለች፡፡ ይህችንም «ነጥፋለች» ብሎ ማረድ ችኮላ ነው፡፡

4. መታቀፍ ስትፈልግ

የሐበሻ ዶሮ አንድ ዙር፣ ማለትም ከ12 እስከ 15 የሚደርስ እንቁላል ከጣለች በኋላ የመታቀፍ ጠባይ ይመጣባታል፡፡ ይህን የሚያደርገው ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን ነው፤ በጡት አጥቢዎች ወተት እንዲመነጭ የሚያደርገው ያው ሆርሞን መሆኑ ያስገርማል፡፡ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፡-

- ከጣለች በኋላ ከጎጆዋ አትነሳም፤ ማታም ከቆጡ ላይ አትወጣም፣ እዚያው ታድራለች፡፡
- ሲቀርቧት ላባዋን ነፍታ ታጉረመርማለች፣ እጅ ትነክሳለች፡፡
- የደረቷና የሆዷ ላባ ይሳሳል፤ ቆዳዋ ሲነካ ይሞቃል፡፡
- በቀን አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ወጥታ ቶሎ ቶሎ በልታ፣ ጠጥታ፣ ትልቅና የሚሸት ኩስ ጥላ ትመለሳለች፡፡
- ስትሄድ አጭርና ወፍራም ድምፅ እየደጋገመች ታሰማለች፤ ጫጩት ሳይኖራት የእናት ድምፅ ታወጣለች፡፡

ታዲያ እነዚህን ስላየን ብቻ 12 እንቁላል ወዲያው ማስገባት የለብንም፡፡ መጀመሪያ ሁለት የማንፈልጋቸው እንቁላሎች ከሥሯ አድርገን ሁለት ሌሊት እንፈትናት፡፡ ሁለቱንም ሌሊት ሳትለቅ ካደረች ቁርጠኛ ናት፡፡ በሦስተኛው ቀን የምትተው ዶሮ ካጋጠመች ግን የሙሉ ዙር እንቁላል ቀዝቅዞ ይቀራል፡፡ ይህ ለአንድ ቤት የወር ጨውና ሳሙና ነው፡፡

በሌላ በኩል እንድትታቀፍ የማንፈልግበት ጊዜ አለ፡፡ 21 ቀን ትታቀፋለች፣ ከዚያ ጫጩቶቿን ይዛ 2 ወይም 3 ወር ትዞራለች፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አትጥልም፡፡ የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ የምትሰጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፡፡ በየሰፈሩ ጠባዩን ለማስተው ላባ በአፍንጫዋ ቀዳዳ ማሳለፍ፣ ቁልቁል ማንጠልጠል፣ ውኃ ውስጥ መንከርና ጎረቤት ወስዶ ማሰር ይደረጋል፡፡ ከእነዚህ ውስጥ የሚሠራው ቦታ መቀየሩ ነው፤ ሌላው ማሠቃየት ነው፤ በደጋ ብርድ መንከር ደግሞ ሊገድላት ይችላል፡፡ ከሁሉ የሚሻለው ከመሬት ከፍ ብሎ ከሥሩ አየር የሚገባበት፣ ጭድ የሌለው የእንጨት ርብራብ ላይ ብርሃን ባለበት ቦታ ለ3 ወይም ለ4 ቀን ማቆየት ነው፤ ምግብና ውኃ ሳይቋረጥባት፡፡ የሆዷ ሙቀት ሲበርድ ጠባዩ ይለቃታል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላም ወደ መጣል ትመለሳለች፡፡

እዚህ ላይ የፈረንጅ ዶሮ ያላቸው ሰዎች ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ፡፡ እንደ ኮምቦልቻና አንዳሳ ካሉ የዶሮ ማባዣ ማዕከላት በክልላችን የተሻሻሉ ዝርያዎች ሲሰራጩ ቆይተዋል፡፡ ብዙ እንዲጥሉ ሲመረጡ የመታቀፍ ጠባያቸው አብሮ ተመርጦ ወጥቷል፡፡ «ትታቀፍልኛለች» ብሎ ዓመት መጠበቅ ከንቱ ነው፡፡ እንቁላሏ ዘር ካለው ለሐበሻዋ ዶሮ ማስታቀፍ ነው፤ «ኋላ ቀር» የምንላት ዶሮ የምትፈለገው እዚህ ላይ ነው፡፡

5. ልትታቀፍ ነው ወይስ ታማለች?

ይህን ክፍል ሳልጽፍ ባልፍ ሌላው ሁሉ ትርጉም አይኖረውም፡፡ ላባዋን ነፍታ፣ ዝም ብላ ቁጭ ያለች ዶሮ ሁሉ መታቀፍ የፈለገች አይደለችም፡፡ ፈንግል የያዛትም እንዲሁ ትቀመጣለች፡፡ «ታቅፋ ነው» ተብላ ሁለት ቀን የቆየች ዶሮ በሳምንት ውስጥ የሰፈሩን ዶሮ ሁሉ ልትጨርስ ትችላለች፡፡ ልዩነቱ ይህ ነው፡-

መታቀፍ የፈለገችው ጎጆዋን መርጣ ትቀመጣለች፤ ብናነሳት ተመልሳ እዚያው ትሄዳለች፡፡ የታመመችው በተገኘው ቦታ፣ ግድግዳ ሥርም ሆነ ደጅ፣ ትጎለታለች፡፡ የመጀመሪያዋ ዓይኗ ንቁ ነው፣ ትቆጣለች፡፡ ሁለተኛዋ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ክንፏ ይወድቃል፣ ሲይዟት አትታገልም፡፡ የመጀመሪያዋ ኩስ ትልቅና ድፍን ነው፡፡ የሁለተኛዋ አረንጓዴ ወይም ነጭ ተቅማጥ ነው፤ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ አንዳንዴም አንገቷ ይጠመዘዛል፡፡

ፈንግል መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው፡፡ በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ክትባቱን ያመርታል፡፡ በሽታው ብዙ ጊዜ የሚበረታው የዝናቡ መግቢያ ላይ ስለሆነ ከዚያ ቀድሞ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጠየቅ ይገባል፡፡ ችግሩ ክትባቱ የሚመጣው ለብዙ ዶሮ በሚበቃ ጠርሙስ መሆኑ ነው፤ 4 ዶሮ ላላት እናት ብቻዋን አይሆንም፡፡ ጎረቤት ተጠራርቶ በአንድ ቀን ማስከተብ ግን ይቻላል፡፡ ዕድርና ደቦ የምናውቅ ሕዝብ ይህ አያቅተንም፡፡ የታመመችዋን ደግሞ መለየት እንጂ ገበያ ወስዶ መሸጥ ለሌላው ቤት እሳት መላክ ነው፡፡

6. መቼ እናስታቅፍ? የትኛውን እንቁላል?

መጻሕፍት ዶሮ በብዛት እንድትጥል ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ያስፈልጋታል ይላሉ፡፡ በእኛ አገር ግን በታኅሣሥ አጭሩ ቀንና በሰኔ ረጅሙ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው፡፡ ስለዚህ የእኛን ዶሮ ይበልጥ የሚያስጥላት አውድማው ነው፡፡ ስንዴና ጤፍ በሚወቃበት ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ የወደቀ ፍሬ ስለምትለቅም ትጥላለች፤ በክረምት ጎተራ ሲጎድል ትቀንሳለች፡፡

ለማስታቀፍ ጥሩው ጊዜ ጥርና የካቲት ነው፡፡ በጥር መጨረሻ የተፈለፈለ ጫጩት የመረሬው ጭቃና ብርዱ ሳይመጣ ላባ ያወጣል፡፡ በመስከረም 7 ወር ተኩል ይሞላዋል፤ ወንዱ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ገበያ፣ ሴቷ ለመጣል ትደርሳለች፡፡ ሌላም ነገር አለ፡፡ በዐቢይ ጾም የእንቁላል ዋጋ ስለሚወርድ በርካሽ ከመሸጥ ከዶሮ ሥር ማድረግ የተሻለ ይሆናል፡፡ በእኛ አካባቢ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ስለሚኖር አንዱ ሲጾም ሌላው ይገዛል፤ ቢሆንም ዋጋው መውረዱ አይቀርም፡፡

እንቁላል ስንመርጥ ከ7 እስከ 10 ቀን ያልበለጠው፣ መጠኑ መካከለኛ፣ ያልተሰነጠቀና ያልታጠበ ይሁን፡፡ እስከሚታቀፍ ድረስ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ፣ ሹሉን ወደ ታች አድርጎ፣ እህል ወይም ገለባ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፡፡ ውኃ ውስጥ ሲገባ ተጋድሞ የሚሰምጥ አዲስ ነው፤ የሚቆም ሰንብቷል፤ የሚንሳፈፍ አይታሰብም፡፡ ይህ ሙከራ ግን የሚበላውን ለመለየት ነው፤ ለማስታቀፍ የተመረጠውን አናርጥበው፡፡ ለአንዲት የሐበሻ ዶሮ ከ10 እስከ 13 እንቁላል ይበቃል፤ ክንፏ የማይሸፍነው ይቀዘቅዛልና፡፡

በ7ኛው ቀን ማታ ጨለማ ክፍል ውስጥ ካርቶን ቀዶ የሞባይል መብራት በቀዳዳው አድርጎ እንቁላሉን ማየት ይቻላል፡፡ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ የደም ሥር ከታየ ሕይወት አለው፡፡ ጠርቶ የሚታይ ባዶ ነው፡፡ ከ18ኛው ቀን በኋላ መነካካት አያስፈልግም፡፡ በ21ኛው ቀን ሲፈለፈል የመጀመሪያው ጫጩት ወጥቶ ሌላው ቢዘገይ መቸኮል የለብንም፤ ጫጩት ሆዱ ውስጥ በቀረው አስኳል ሁለት ቀን ያህል ያለ ምግብ መቆየት ይችላል፡፡

7. እባብ አርቢዎችስ?

በአንድ ወቅት ክፍል ውስጥ፣ በውጭ አገር ዘንዶን የመሳሰሉ እባቦችን ቤት ውስጥ የሚያረቡ ሰዎች እንዳሉ ሲነገር ሁላችንም ጮኸን ነበር፡፡ በእኛ አገር እባብ የዶሮ እንቁላል ሌባ ነው እንጂ ማን ያረባዋል? ነገር ግን እነሱ የሚያዩትን ምልክት ስሰማ ከእናቴ ብዙም እንደማይርቁ ገባኝ፡፡ የዘንዶ ዝርያ የሆነች ሴት እባብ ልትጥል ስትል ምግብ መብላት ትተዋለች፣ መካከለኛ ሰውነቷ ያብጣል፣ ሙቀት ያለበት ቦታ ትፈልጋለች፣ ከመጣሏም በፊት ቆዳዋን ትገፋለች፡፡ አርቢው ቆዳው የተገፈፈበትን ቀን መዝግቦ እንቁላሉን ይጠብቃል፡፡ ከጣለች በኋላ ደግሞ በእንቁላሎቿ ዙሪያ ተጠምጥማ ትጠብቃቸዋለች፡፡ በቆላው አገራችን የሚገኘው የአፍሪካ ዘንዶም ይህንኑ ያደርጋል፡፡

አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ፡፡ ዶሮ እንቁላሏን በቀን ብዙ ጊዜ ታገላብጣለች፤ ካልተገላበጠ ሽሉ ከሽፋኑ ጋር ተጣብቆ ይሞታል፡፡ የእባብ እንቁላል ደግሞ ከተጣለ በኋላ ከተገላበጠ ሽሉ ሊሞት ይችላል፡፡ አንዱን የሚያድነው ሌላውን ይገድላል፡፡ ለዚህ ነው ምልክትን ማወቅ ብቻ ሳይሆን የማንን ምልክት እንደምናነብ ማወቅ የሚያስፈልገው፡፡ የፈረንጇን ዶሮ በሐበሻዋ መጽሐፍ፣ የሐበሻዋንም በፈረንጇ መጽሐፍ ማንበብ የለብንም፡፡

8. ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ አንድ ቤት ዶሮ ከመሸጡ ወይም ከማረዱ በፊት አራት ነገር ቢያይ እላለሁ፡፡ የአናቷን ሥጋ ቅላት፣ የዳሌ አጥንቷን ስፋት፣ መጣያዋን፣ እንዲሁም ላባ እያራገፈች እንደሆነ፡፡ ከ5 ደቂቃ አይበልጥም፡፡ ቁጭ ያለች ዶሮ ካየ ደግሞ «ታቅፋ ነው» ከማለቱ በፊት ዓይኗንና ኩሷን ይይ፡፡

ለእኛ ለተማሪዎቹም አንድ ነገር ልበል፡፡ ለዕረፍት ወደ የቤታችን ስንሄድ የጣት ልኬቱን ለእናቶቻችን እናሳያቸው፤ እነሱም የሚያውቁትን ይንገሩን፤ ደብተራችን ላይ እንጻፈው፡፡ የላሟን ምልክት በቃላችን የያዝነው ስለተጠየቅን ነው፤ የዶሮዋን የማናውቀው ማንም ስላልጠየቀን ነው፡፡ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለ? እንዲሄድ ግን መጀመሪያ እናቲቱ ሳትታረድ መቆየት አለባት፡፡